«11 ሚሊ ያው 11 ሚሊ ነው» አትበሉኝ

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። እሱ ከሥራ ሲወጣ እኔ አዳማ ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። ስልኬ በዚያ ሰዓት ከጮኸ ወይ ሰው ሞቷል ወይ እሱ ጠመንጃ ገዝቷል።

«ጋሼ፣ ውጅግራ አገኘሁ! ከኛው አገር የወጣ ነው። አረሩንም አዝዣለሁ፣ 11 ሚሊ።»

«ለካኸው?»

«ምን ይለካል? 11 ሚሊ ነው እኮ!»

ይቺን መልስ ከእሱ ብቻ ቢሆን የሰማኋት ዝም እል ነበር። ግን ቴሌግራሜ በዚህች ዓረፍተ ነገር ተሞልቷል። ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፉት ዓመታት እዚህ መጋዘን ተቆልሎ የኖረ አሮጌ ጠመንጃ ወደ አሜሪካ ወጥቶ ለሰብሳቢዎች ተሽጧል። የኛም ልጆች አዩ፣ አያታቸው ትዝ አላቸው፣ ገዙ። እዚያ አገር በ1898 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ በፌዴራሉ ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ነው የሚታየው። እርሳስ አቅልጦ ለራስ ጠመንጃ አረር ማውጣትም የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እዚህ ግን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መያዝም መሥራትም አይቻልም። ስለዚህ አገር ቤት ያላችሁ ስለ ማቅለጥ የምጽፈውን እንደ ወሬ አንብቡት።

እኔ ማን ነኝ? ሃያ ምናምን ዓመት በጦር መሣሪያ ጥገና ሠርቻለሁ። አሁን ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ቶርኖ ይዤ የውሃ ፓምፕ ዘንግ እቆርጣለሁ። አረር ስል ደግሞ ከቀለሁ ወጥቶ የሚሄደውን እርሳስ ብቻ ማለቴ ነው።

ጥቃቅኖቹን አስቀድሜ ልገላገላቸው።

«አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ አድዋ የዋለ ነው።» አይደለም። ወደ 6.5 ሚሊ የተቀየረ ቬተርሊ የሚባል የጣሊያን ጠመንጃ ይዞ «አያቴ አድዋ የተኮሰበት» የሚለኝ ሰው አለ። ጣሊያን ያንን ቅየራ የጀመረው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው። አድዋ 1896። ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

«ጥይቱ ከገባ ይተኮሳል።» ቁልፍም ወደማይከፍተው በር ይገባል። ልዩነቱ ቁልፉ ፊት ላይ አይፈነዳም።

«ውጅግራ የሐበሻ ስም ነው።» ፉዚ ግራ፣ ማለትም «የግራ ጠመንጃ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ግራ የሰው ስም ነው። ስናድር የምንለውም የእንግሊዙ ስናይደር ነው።

አሁን ወደ ዋናው።

«11 ሚሊ ያው 11 ሚሊ ነው።»

11 ስም ነው። ጫማ ስትገዙ 41 ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትከፍላላችሁ? አንዱ 41 ይጨብጣችኋል፣ ሌላው 41 ከእግራችሁ ይወልቃል። የፈረንሳዩ የ1874ቱ ግራ፣ የኛው ውጅግራ፣ 11 ሚሊ ይባላል። የጀርመኑ የ1871ዱ ማውዘርም 11 ይባላል። ለግብፅ የተሠራው ሬሚንግተንም እዚያው 11 ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀለህ 59 ሚሊ ይረዝማል፣ ሁለተኛው 60፣ ሦስተኛው 50። ቅርጻቸውም አይገጥምም። ሻጩ ግን ሦስቱንም በአንድ ሣጥን «11 ሚሊ» ብሎ ሊያስቀምጣቸው ይችላል።

ይህ ገና ላዩ ነው። በርሜል ውስጥ አጮልቃችሁ ብታዩ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። በቦዮቹ መካከል ከፍ ብሎ የቀረው ብረት ጥርስ ይባል። ውጅግራ 11 ሚሊ የተባለው ከጥርስ እስከ ጥርስ ተለክቶ ነው። ከቦይ እስከ ቦይ ሲለካ ግማሽ ሚሊ ይጨምራል፣ 11.5 ገደማ ይሆናል። የእርሳስ አረር መሙላት ያለበት ደግሞ ቦዩን ነው። ሞልቶም በሦስት ወይም በአራት መቶኛ ሚሊ ቢያልፍ ነው ደግ። ካነሰ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ እርሳሱን እየላጠ በርሜሉ ላይ ይለጥፈዋል። አረሩም በቅጡ ሳይሽከረከር ይወጣና አየር ላይ ይገለባበጣል።

እሱም ቢሆን ፋብሪካ በር ላይ የነበረው ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በአመድና በአሸዋ የታሸ በርሜል በእጄ ይዣለሁ። ዝናብ ያደረበትን፣ ጎጆ ውስጥ በጭስ የኖረውን አይቻለሁ። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ውጅግራዎች ዛሬ ልካቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ መጽሐፉን ተዉትና በርሜሉን ጠይቁት።

የእህቴ ልጅ አልሰማኝም። ያዘዘው አረር መጣ፣ 11.33 ሚሊ። ሃምሳ ሜትር ላይ ካርቶን አቁሞ አምስት ተኮሰ። ፎቶውን ላከልኝ። ሁለቱ ካርቶኑን ጭራሽ አላገኙትም። ሦስቱ ቀዳዳዎች ሞላላ ናቸው፣ አንደኛው የአረሩ ሙሉ ቁመና ከነጎኑ የታተመበት ነው። በወርዱ ነው የገባው። «ጠመንጃው ተበላሽቷል» አለኝ። አንጀቴ አረረ።

በማግሥቱ በቪዲዮ አስለካሁት። እናንተም እንዲህ ነው የምታደርጉት። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይታችሁ መዝጊያውን አውጡ። በርሜሉን ወልውላችሁ ዘይት አስነኩት። ከቦዩ ትንሽ የሚወፍር ንጹሕ እርሳስ ፈልጉ። እሱ የዓሣ ማጥመጃ ክብደት ነው የተጠቀመው። በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡት፣ ከዚያ በናስ ዘንግ እየገፋችሁ በሌላው ጫፍ አውጡት። ዘንጉ ብረት ከሆነ አይሆንም፣ ጥርሱን ይበላዋል። ስትገፉ እጃችሁ ይስማ፤ የሚላላበትና የሚጠብቅበት ቦታ ይነግራችኋል። የወጣችው እርሳስ የበርሜሉ ግልባጭ ናት። እርሳሷ ላይ ከፍ ያለው የቦዩ ልክ ነው፣ የጎደጎደው የጥርሱ። ከፍ ካለው ወደ ትይዩው ከፍታ ማይክሮሜትር በሚባለው፣ መቶኛ ሚሊ በሚያነበው መሣሪያ ለኩ። የሠራተኛ ካሊፐር ለበር ማጠፊያ ይሆናል፣ ለዚህ አይሆንም። ሁለት እርሳስ አሳልፉ፣ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከአፈሙዙ አስገብታችሁ ከዚያው መልሳችሁ አውጡ፤ አፈሙዙ በመወልወያ ዘንግ ብዛት የሰፋ ሊሆን ይችላል።

11.60 ወጣ። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

«አሁን በልኩ የአረር ማውጫ ፎርማ ላሠራ?» አለኝ። ማሠራት ይቻላል፣ በልክ የሚቆርጡ አሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ወረቀት ሞክር አልኩት። ሳቀ። ወረቀት የድሃ መላ መሰለው። የፈረንሳዩ ጦር የግራ አረር ከፋብሪካ ሲወጣ ወረቀት ተጠቅልሎለት ነበር። የእንግሊዙ ማርቲኒ ሄንሪም እንዲሁ። ወረቀቱ እርሳሱን ከብረቱ ይለየዋል፣ ውፍረትም ይጨምራል። ሁለት ዙር ስትጠቀልሉ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ቅጠል አለ፤ ስለዚህ ጠቅላላው የአራት ቅጠል ውፍረት ነው። አንድ ቅጠል ለመለካት አትድከሙ። አሥር ደርድሮ ለካ፣ 0.75 ሚሊ። አንዱ 0.075፣ አራቱ 0.30። 11.33 ላይ ሲደመር 11.63። ከቦዩ ሦስት መቶኛ ይበልጣል። እርጥብ አድርጎ ጠቀለለ፣ አደረቀ። ተሠርቶ ያለቀው ጥይት በጣት ብቻ ተገፍቶ መግባት አለበት። እምቢ ካለ መዝጊያውን በጉልበት አትግፉት፣ እዚያ ላይ ቁሙ። የእሱ ገባ። አምስቱም ክብ ቀዳዳ፣ አምስቱም በአንድ የሲኒ ማስቀመጫ ሰሃን ልክ። ፎቶውን ከቶርኖው በላይ ለጥፌዋለሁ።

«ጠንካራ እርሳስ ይሻላል።» የመጀመሪያዎቹ አምስት የከሸፉበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ሻጩ «ጠንካራ» ብሎ አሞግሶ ነው የሸጠው። ለዘመኑ ፈጣን ጥይት እውነት ነው። ጥቁር ባሩድ ግን አረሩን ከኋላ እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ ለስላሳ እርሳስ ሲመታ ቂጡ ያብጥና ቦዩን ይሞላል። ያን ጊዜ ፋብሪካው የተማመነው በዚህ ነበር። ጠንካራው አያብጥም። ለሃያ እጅ እርሳስ አንድ እጅ ቲን ይበቃዋል። ንጹሕ እርሳስ በጥፍር ይጫራል፣ ፈተናው ያው ነው። ከጎሚስታ የሚለቀመው የጎማ ባላንስ አንቲሞኒ የሚባል ማጠንከሪያ ስላለበት ይጠነክራል። አሁን አሁን ደግሞ ዚንክ የሆነ አለ። እርሳስ 327 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ዚንክ 420 ገደማ። እሳቱን ካላበዛችሁ ዚንኩ ሳይቀልጥ ይንሳፈፋል፣ ጨልፋችሁ ትጥሉታላችሁ።

የመኪና ባትሪ እርሳስስ? ይቺን በቁጣ ነው የምጽፋት። አታቅልጡት። ባትሪ ውስጥ አንቲሞኒ፣ አርሴኒክ፣ ካልሲየም አለ። የሚቀረው ዝቃጭ እርጥበት ሲያገኝ አርሲንና ስቲቢን የሚባሉ መርዛማ ጋዞች ሊያወጣ ይችላል። ጋዝ ባይኖርበት እንኳ የእርሳሱ አቧራ ልጆች ያሉበት ግቢ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። ማንኛውንም እርሳስ ስታቀልጡም ደጅ ይሁን፣ ውሃ አጠገቡ አይድረስ። አንዲት ጠብታ ድስቱ ውስጥ ከገባች የቀለጠው እርሳስ ወደ ፊታችሁ ነው የሚዘለው።

«ወፍራም አረር በርሜል ያፈነዳል።» በሦስት መቶኛ ሚሊ የወፈረ ለስላሳ እርሳስ በርሜል አያፈነዳም፤ ተጨምቆ ይሄዳል። በርሜል የሚያፈነዳው ከፊቱ የተረሳ ጨርቅ ነው፣ ቀድሞ ተኩሶ ውስጥ የቀረ አረር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚቀጥለው ነው።

«ባሩድ ባሩድ ነው።» አንድ ጎረቤቴ፣ ፈቃድ ያላቸው ሽማግሌ፣ «የክላሽ ባሩድ ብጨምርበት ምን ይለዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ቡናዬን አስቀመጥኩ። ጭስ አልባ ባሩድ በፈረንሳይ የተገኘው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው፣ የተሸከመው ጠመንጃ ደግሞ የ1886ቱ ለበል። ውጅግራ ከዚያ አሥር ዓመት ይቀድማል። የተሠራው ለ5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ነው። ያንን ቀለህ የክላሽ ባሩድ ሞልቶ መተኮስ ጉንጭ ላይ ቦምብ መደገፍ ነው። «አባባ፣ ይሄን ነገር አያስቡት፣ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት» አልኳቸው። ቅር አላቸው። ይበላቸው። ጥቁሩ ባሩድም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው፤ በእሱና በአረሩ መካከል ባዶ ቦታ ከተተወ በርሜሉን ቀለበት አሳብጦ ሊያበላሽ ይችላል።

ይህንን ስጽፍ የእህቴ ልጅ ደወለ። መብራት ጠፍቶ ነበር፣ በስልኩ ብርሃን ነው የማወራው።

«ጋሼ፣ ማርቲኒ ሄንሪ ገዛሁ። 450 ነው ይላል፣ እሱ ቀላል ነው አይደል?»

ቀላል አይደለም። 450 የሚለውም በኢንች ሺኛ የተሰጠ ስም ነው። ማርቲኒ ቦዩ ሰባት ነው። ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ እርሳሷ ላይ ለከፍታው ትይዩ ከፍታ የለውም፣ ጎድጓዳ ነው የሚገጥመው። በማይክሮሜትር ጨብጦ የሚያነበው ቁጥር ያንስበታል። ወይ ለሰባት ቦይ የተሠራ መለኪያ ይፈልጋል፣ ወይ በስስ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ይለካና የቆርቆሮውን ውፍረት ሁለት ጊዜ ይቀንሳል።

«ቦዩን ቁጠርና ደውልልኝ» አልኩት።

«ሌሊት እኮ ነው እዚያ።»

«ቁጠር።»