የአሰልጣኝ «ምልሰት» ምንድን ነው? ጡረታ የወጣው ሰውዬ ቢመለስስ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነበርን። ሊቨርፑል ነጥብ ጥሎ ወጣ። ከጎኔ የተቀመጠው ወዳጄ ጃኬቱን እያጠለቀ «ወላሂ ክሎፕ ካልተመለሰ ይሄ ቡድን አይድንም!» ብሎ ጮኸ (ክሎፕ የሊቨርፑል የቀድሞ አሰልጣኝ ነው)። በቃ፣ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላል፣ ሌላው ደግሞ የባየርን ሙኒኩ አሰልጣኝ ሃይንከስ ተመልሶ ዋንጫ አላነሳም ወይ ብሎ ይሟገታል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሰው አልወጣ ስላለ ባለቤቱ መብራት ሊያጠፋብን ምንም አልቀረው።

እኔም ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ የተከራከርነው ስለ አንድ ነገር አልነበረም። ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም እየጠራን ነው የተጯጯህነው።

ምልሰት የምለው አሰልጣኝ ቀድሞ ወደለቀቀው ቡድን ተመልሶ ሲይዘው ነው። ሌላ ቦታ ሲሠራ ቆይቶ የሚመለስ አለ፤ አንቼሎቲ በ2021 ወደ ሪያል ማድሪድ እንደተመለሰው ማለት ነው (የውጭዎቹን ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። እሱ የቻምፒየንስ ሊጉን ዋንጫ በ2022 እና በ2024 አንስቶ አፋችንን አስይዞናል። ግን አንቼሎቲ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው። ክርክሩ የሚከረው ሰውዬው «በቃኝ» ብሎ ቤቱ ገብቶ፣ የልጅ ልጁን እያጫወተ ሳለ ስልክ ሲደወልለት ነው።

ሃይንከስን እንይ። በ2013 ባየርን ሙኒክን ይዞ ሦስት ዋንጫ በአንድ ዓመት ጠራርጎ ጡረታ ወጣ። አራት ዓመት ቆየ። በ2017 መስከረም መጨረሻ ባየርን በፓሪሱ ቡድን 3 ለ 0 ተሸነፈ፣ አንቼሎቲ ተባረረ (አዎ፣ ያው አንቼሎቲ)፣ ለሃይንከስም ተደወለ። 72 ዓመቱ ነበር። ሲረከብ ቡድኑ ከዶርትመንድ በ5 ነጥብ ያንስ ነበር። አምስት ጨዋታ ሲቀር ሻምፒዮን ሆነ፤ ዓመቱንም ሁለተኛ ከወጣው ሻልከ በ21 ነጥብ በልጦ ጨረሰ። በቻምፒየንስ ሊጉ ግማሽ ፍጻሜ በማድሪድ ተሸነፈ፣ የጀርመን ዋንጫ ፍጻሜውንም በፍራንክፈርት ተነጠቀ። ያም ሆኖ ይህ ስኬት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘለው ነገር አለ። ያ ቡድን የፈረሰ ቡድን አልነበረም። ሪቤሪ፣ ሮበን፣ ሙለር፣ ቦአቴንግ፣ አላባ፣ ማርቲኔዝ ሁሉም በ2013 ከሱ ጋር ዋንጫ ያነሱ ናቸው። የመልበሻ ክፍሉ ያውቀዋል፣ እሱም ያውቀዋል። የድሮ ረዳቱንም አብሮ አስመጥቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራው የሚያልቅበት ቀን ገና ሲጀምር ይታወቅ ነበር። ክለቡ ቆይልን ብሎ ለመነው፣ እሱ ግን እንዳለው ሰኔ ሳይደርስ ተሰናበተ።

እኛ ወሎ ውስጥ ይህን አይነት ሰው እናውቀዋለን። ሁለት ወገን ደም ሲቃባ አበጋር ይጠራል። አበጋር አገር ሊገዛ አይመጣም። ሁለቱንም ወገን ያውቃል፣ ሁለቱም ወገን ያከብረዋል፤ ይሰማል፣ ያስታርቃል፣ ደሙን ያደርቃል፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚያው ተቀምጦ ላስተዳድር ቢል ግን መከበሩ የሚቆይ አይመስለኝም።

ጡረተኛ አሰልጣኝ ሲመለስ የሚሳካለት አበጋር ሆኖ ሲመጣ ነው። አለቃ ሆኖ ሲቀር ይበላሻል። የኔ ነገር ይሄው ነው። ማስረጃ ካላችሁኝ ሁለቱም ነገር በአንድ ሰው ላይ የደረሰበትን ታሪክ ልንገራችሁ፣ ያውም የሊቨርፑሉን ስለሆነ ወዳጄም ይስማ።

ኬኒ ዳልግሊሽ በ1991 የካቲት ላይ ሊቨርፑልን ለቀቀ። ከዚያ ብላክበርንን ይዞ በ1995 ሊጉን በላ፣ ሌላም ሌላም ቦታ ሠራ፣ ከ2000 ወዲህ ግን አሰልጣኝነቱን ተወት አድርጎት ነበር። በ2011 ጥር ሊቨርፑል 12ኛ ላይ ተቀምጦ ሆጅሰን ሲባረር፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ያዝልን ተባለ። ደጋፊው አበደ። ቡድኑ ተነቃቅቶ 6ኛ ሆኖ ጨረሰ። እስከዚህ ድረስ አበጋር ነው። ከዚያ ምን ሆነ? በደስታው ሞቅታ ውስጥ የሦስት ዓመት ውል ተሰጠው። አሁን ተጫዋች መግዛት፣ ቡድን መገንባት፣ ከነ ማንቸስተር ሲቲ ጋር መፎካከር የሱ ሥራ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የሊግ ካፑን አነሳ፣ የኤፍ ኤ ካፑን ፍጻሜ በቼልሲ ተሸነፈ፣ በሊጉ 8ኛ ወጣ፣ በ2012 ግንቦት ተሰናበተ። ሰውዬው ያው ነው፣ ሜዳውም ያው፣ ደጋፊውም ያው። የተቀየረው የተጠየቀው ነገር ነው።

ጣሊያናዊው አሰልጣኝ ራኒየሪ ይህን ያወቀበት ይመስላል። በ2024 ግንቦት ካሊያሪን ተሰናብቶ ጡረታ ወጣሁ አለ። በኅዳር ሮማ 12ኛ ላይ ሆኖ፣ ሁለት አሰልጣኝ በአንድ ወቅት አባሮ፣ ደጋፊው ከክለቡ ጋር ተኳርፎ ጠራው። ሮም ተወልዶ ያደገ፣ ቡድኑን ከዚያ በፊት ሁለቴ የያዘ፣ የ73 ዓመት ሰው። እስከ ወቅቱ መጨረሻ አሰልጥኖ ከዚያ አማካሪ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ተነጋግረው ገቡ። 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ለቻምፒየንስ ሊግ አንድ ነጥብ ነበር የቀረው። «ቆይ እንጂ» ሲሉት አልቆየም።

ያልተሳካላቸውን ልዘርዝር ብል እስከ ነገ አልጨርስም። ሊፒ በ2006 ጣሊያንን የዓለም ዋንጫ አስበልቶ ለቀቀ፣ ተመልሶ በ2010 ሲሄድ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፍ ከምድቡ ተሰናበተ። ሚላን በ1996 ታኅሣሥ ሳኪን መለሰ፣ 11ኛ ወጣ። ይህ አልበቃ ብሎ በማግስቱ ዓመት ካፔሎን መለሰ፣ 10ኛ። አንድ ደረጃ ማሻሻል ከተባለ እሺ።

የኤቨርተኑ ኬንዳል ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው ያሰለጠነው። በመጀመሪያው ሁለት ሊግ በላ። በሁለተኛው ባዶ እጁን ወጣ። በሦስተኛው፣ 1998 ላይ፣ በመጨረሻው ቀን በጎል ክፍያ ብቻ ከመውረድ ተረፈ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናው አንድ ነው፣ ውሃ በተጨመረበት ቁጥር ግን ይቀጥናል። (በረካ አይጠጣም እያልኩ አይደለም፣ እናቴ እንዳትሰማኝ።)

በኛ አገር ሰውነት ቢሻው ዋልያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሲያበቁ ቡድኑን ሲይዙ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ግን እሳቸውም ጡረተኛ አልነበሩም፣ ያገኙትም እነ ሳላዲን ሰይድን፣ እነ አዳነ ግርማን፣ አዲስ ትውልድ ነው። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ያን ቀን ያየ ሰው የማይረሳው ነገር ነው። እኔ ያን ቀን የጮህኩት ጩኸት እስካሁን ጎሮሮዬ ውስጥ አለ።

ታዲያ ምንድን ነው የሚያስቸግረው? እርጅና እንዳትሉኝ፣ ሃይንከስና ራኒየሪ ሁለቱም ከ70 በላይ ናቸው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ ያሰለጠኑን አንድ ጋሼ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲያማቸው ተዉት። ከዓመታት በኋላ የሰፈሩ ቡድን በተከታታይ ሲሸነፍ ሽማግሌ ተልኮ፣ ተለምነው ተመለሱ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታ አሸነፍን። ሰፈሩ በደስታ ፈነደቀ።

አራተኛው ሳምንት ላይ ጋሼ እንደ ድሮው ከንጋቱ 12 ሰዓት ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ ሩጡ አሉ። ድሮ እኛ እንሮጥ ነበር፣ ምክንያቱም ሌላ ሥራ አልነበረንም። አሁን ያሉት ልጆች ግማሾቹ ሌሊቱን ባጃጅ ሲነዱ አድረው ነው የሚመጡት። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ እኔ ላብ የጨረስኩት ማታ ነው» አላቸው። ጋሼ ስድብ መሰላቸው። በእኛ ጊዜ የነበረውን የኳስ አቀባበል፣ በእኛ ጊዜ የነበረውን አጥቂ እያነሱ ማነጻጸር ጀመሩ፤ ልጆቹ ደግሞ በማያውቁት ሰው መመዘን ሰለቻቸው። ወር ሳይሞላ ስምንት ልጅ ብቻ ነበር ልምምድ የሚመጣው። ጋሼ የኳስ እውቀታቸው አልቀነሰም። የሚያዩት ግን ፊታቸው የቆሙትን ልጆች ሳይሆን እኛን ነበር።

ሌላው ጣጣ በወንበሩ ላይ ላለው ሰው ነው። ሻንክሊ በ1974 ሊቨርፑልን ከለቀቀ በኋላ ልምምድ ሜዳ ይመጣ ነበር፣ ተጫዋቾቹም እሱን ነበር አለቃ የሚሉት። ወራሹ ፔይዝሊ ግራ ተጋባ። ክለቡ ሻንክሊን አልመለሰም፣ ፔይዝሊንም አልነካም። ያ ፔይዝሊ ስድስት ሊግና ሦስት የአውሮፓ ዋንጫ በላ። ማንቸስተር ዩናይትድ ግን በ1970 ታኅሣሥ ማክጊነስን አባሮ ማክጊነስ የተካውን የድሮውን አሰልጣኝ በዝቢን መልሶ አመጣ። 8ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ እሳቱም ጠፋ። ግን የቡድኑ እርጅና እንዳለ ነበር፤ በ1974 ዩናይትድ ወረደ። አበጋር ደም ያደርቃል እንጂ እርሻ አያርስም።

እንግዲህ አንድ ክለብ የቀድሞ ሰውዬውን ሲጠራ እኔ መጀመሪያ የማየው ስሙን አይደለም፣ የውሉን ርዝመት ነው። ቀጥሎ ተጫዋቾቹ ጥሩ ሆነው የተኳረፉ ናቸው ወይስ ከነአካቴው ደካማ ናቸው የሚለውን አያለሁ። ብዙ ጊዜ አመራሩ ደጋፊ እንዳይጮህበት ነው የድሮውን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው።

በማግስቱ ወዳጄን ቡና ላይ አገኘሁት። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ክሎፕ በ2024 ጉልበቴ እያለቀ ነው ብሎ የሄደ ሰው ነው፣ አንተ የምትፈልገው ደግሞ አዲስ ቡድን ለዓመታት እንዲገነባልህ ነው፣ አልኩት። ስኒውን አስቀመጠና ትንሽ አሰበ።

«ለስድስት ወር ብቻ ቢሆንስ?»

ለስድስት ወርማ እንነጋገር አልኩት።