ባልተከፈለ ኢንቮይስ ገንዘብ ማግኘት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዱቤ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። ዕቃው ደርሷል፣ ኢንቮይሱ ተልኳል፣ ደንበኛው የሚከፍለው ግን ከ60 ወይም ከ90 ቀን በኋላ ነው። የሠራተኛ ደመወዝና የአቅራቢ ሂሳብ ያን ያህል አይታገሡም። በዚህ መሀል ያልተከፈለውን ኢንቮይስ ፋክተሪንግ በሚባለው አሠራር መሸጥ፣ ወይም በመያዣነት አስይዞ መበደር ይቻላል። ገንዘብ ሰጪው ድርጅት ብዙውን ጊዜ ከኢንቮይሱ ከ70 እስከ 90 በመቶውን ቀድሞ ይሰጣል፤ ደንበኛው ሲከፍል የአገልግሎት ክፍያውን ቆርጦ ቀሪውን ይመልሳል።

ነገሩ ከዚህ ብዙም አይወሳሰብም። ሆኖም ውሉን አንብቦ ሳይሆን ከሰው ሰምቶ የሚፈርም ነጋዴ በጣም ብዙ ነው፤ ከተፈረመ በኋላ የሚመጣው አቤቱታም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በጣም የሚያሰለቸውን አስቀድማለሁ።

«ኢንቮይሱን ሸጬዋለሁ፤ ደንበኛው ባይከፍል እኔን አያገባኝም»

ያገባችኋል። ለአነስተኛ ንግዶች የሚቀርበው ውል በአብዛኛው ተመላሽነት ያለው ነው። ደንበኛው ውሉ ባስቀመጠው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በ90 ቀን፣ ካልከፈለ ገንዘብ ሰጪው የሰጠውን መልሶ ይጠይቃል። አንድም በገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ አንድም ያረጀውን ኢንቮይስ በአዲስ ትተካላችሁ፣ አንድም በእጁ ካለው የሌሎች ኢንቮይሶች ቀሪ ላይ ይቆርጣል። ነጋዴውን ሳያስበው የሚይዘው ሦስተኛው ነው። ለወሩ ደመወዝ ይደርሳል ተብሎ የተጠበቀው ቀሪ፣ ከሦስት ወር በፊት ለተላከ ሌላ ኢንቮይስ ተቆርጦ ያልቃል። ይህን ለማድረግም ፈቃዳችሁን አይጠይቅም፤ ስትፈርሙ ሰጥታችሁታል።

«የእኔ ውል እኮ ተመላሽነት የለውም» የሚል ሰው ደግሞ መጀመሪያ ማየት ያለበት የትርጓሜ አንቀጹን ነው። እዚያ ላይ ገንዘብ ሰጪው የሚሸከመው ስጋት በአብዛኛው አንድ ብቻ ነው፤ የደንበኛው መክሰር። ደንበኛው እየቻለ ካልከፈለ፣ ከዘገየ፣ በዕቃው ጥራት ወይም ብዛት ከተከራከረ፣ ገንዘቡን የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። ውሉን ስትፈርሙ «ይህ ኢንቮይስ ክርክር የለበትም» ብላችሁ ማረጋገጫ ሰጥታችኋልና።

ደግሞም ገንዘብ የሚያስይዘው ብዙ ጊዜ መክሰር ሳይሆን ተራ የወረቀት ክርክር ነው። 40 ካርቶን ታዘዘ እንበል። መኪናው ላይ የተጫነው 37 ነው። የደንበኛው መጋዘን ሠራተኛ በርክክብ ሰነዱ ላይ 40ን ሰርዞ 37 ብሎ ጽፎ ፈረመ፤ ሾፌሩም ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ቢሮ ያለው ሰው ኢንቮይሱን ከግዢ ትዕዛዙ ላይ አይቶ ለ40 ቆረጠ። የደንበኛው ሂሳብ ክፍል የግዢ ትዕዛዙን፣ የርክክብ ሰነዱንና ኢንቮይሱን ሲያስተያይ አይገጥሙም። የ3ቱን ካርቶን ዋጋ ብቻ ለይቶ አይዝም፤ ሙሉውን ኢንቮይስ ያቆመዋል። 90 ቀኑ ያልፋል። ደንበኛው አልከሰረም፣ አልከፍልም አላለም፤ የተስተካከለ ኢንቮይስ ወይም የ3 ካርቶን ክሬዲት ኖት (የኢንቮይሱን ዋጋ የሚቀንስ ሰነድ) እየጠበቀ ነው። ገንዘቡን መልሱ የምትባሉት ግን እናንተ ናችሁ።

መከላከያው ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ኢንቮይስ ላይ መሠራት አለበት። ኢንቮይስ የሚቆረጠው ከግዢ ትዕዛዙ ሳይሆን ከተፈረመው የርክክብ ሰነድ ነው። ሰነዱ ላይ የተረካቢው ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና በትክክል የደረሰው ብዛት ይኑር። የግዢ ትዕዛዙ ቁጥር ኢንቮይሱ ላይ ይጻፍ፤ ያለ እሱ ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ኢንቮይሱን ጭራሽ አይመዘግቡትም። ከዚያ ለገንዘብ ሰጪው ከመላካችሁ በፊት ለደንበኛው ሂሳብ ክፍል ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ደርሷችኋል? ጸድቋል? ለየትኛው የክፍያ ቀን ተይዟል? የመለሰላችሁን ሰው ስምና ቀኑን መዝግቡ፤ ከተቻለ በኢሜይል እንዲያረጋግጥ አድርጉ። መድረስና መጽደቅ የተለያዩ ናቸው። ያልጸደቀ ኢንቮይስ ባይላክ ይሻላል።

የደንበኛው ማጽደቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው፣ ናፊን የተባለው የሜክሲኮ የልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 ከጀመረው ፕሮግራም ይታያል። ትልቁ ገዢ ለአቅራቢው ያለበትን ዕዳ ራሱ በኤሌክትሮኒክስ መድረኩ ላይ ያስገባል። አቅራቢው ያንን ሲሸጥ ተመላሽነት የለበትም፤ ዋጋውም በትልቁ ገዢ አቅም ይተመናል። ገንዘብ ሰጪው ስጋቱን ለመውሰድ የሚደፍረው ክርክሩ ከመነሻው ስለተዘጋ ነው።

«3 በመቶ ብቻ ነው፤ ከባንክ ወለድ ይረክሳል»

ገንዘብ ሰጪው የሚያስከፍለው 3 በመቶ ለ30 ቀን ነው። የሚሰላውም ብዙ ጊዜ በሙሉ ኢንቮይሱ ላይ እንጂ በእጃችሁ በገባው ገንዘብ ላይ አይደለም። የባንክ ወለድ ደግሞ የሚነገረው በዓመት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች እንዲሁ ማወዳደር ትልቅ ስህተት ነው።

የ100,000 ኢንቮይስ እንውሰድ። ቅድመ ክፍያው 80 በመቶ ከሆነ 80,000 ትቀበላላችሁ። ደንበኛው በ60ኛው ቀን ቢከፍል ክፍያው 6,000 ይሆናል፤ 14,000 ይመለስላችኋል። ለ80,000 ለሁለት ወር 6,000 መክፈል 7.5 በመቶ ነው፤ በዓመት ሲሰላ 45 በመቶ። ውሉ «ለእያንዳንዱ 30 ቀን ወይም ለከፊሉ» የሚል ከሆነ ደግሞ ደንበኛው አንድ ቀን አሳልፎ በ61ኛው ቀን ሲከፍል 9,000 ይታሰብባችኋል። በቀን የሚሰላ ውል መጠየቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። የማመልከቻ፣ የገንዘብ ማስተላለፊያና የደንበኛ ማጣሪያ ክፍያዎች ገና አልተጨመሩም፤ ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ በጽሑፍ ጠይቁ።

ይህን ስል አትጠቀሙበት ማለቴ አይደለም። መለኪያው የሽያጩ ትርፍ ነው። ጥቅል ትርፋችሁ 30 በመቶ ከሆነና ገንዘቡ ባይገኝ ቀጣዩ ትዕዛዝ የሚያመልጣችሁ ከሆነ፣ 6 በመቶው ይከፈላል። ትርፉ 10 በመቶ ከሆነ ግን ከግማሽ በላዩ ሄደ። ከመፈረማችሁ በፊት ለዚያው ደንበኛ «በ10 ቀን ከከፈላችሁ 2 በመቶ እንቀንሳለን» ብላችሁ ሞክሩ። ከተስማማ ወጪያችሁ 2,000 ነው፤ ሦስተኛ ወገንም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢንቮይሱ ውስጥ የሽያጭ ታክስ ካለ፣ ከምትቀበሉት ቅድመ ክፍያ ላይ የታክሱን ገንዘብ በዚያው ቀን ለብቻ አስቀምጡ። ታክሱን አብሮ ሠርቶበት የማሳወቂያው ቀን ሲደርስ ሌላ ኢንቮይስ ለመሸጥ የሚሮጥ ንግድ ከዚያ አዙሪት በቀላሉ አይወጣም።

«ኢንቮይስ እስከሆነ ድረስ ይቀበሉታል»

ፕሮፎርማ አይቀበሉም። ዕቃው ያልደረሰ ወይም ሥራው ያላለቀ፣ ካልተሸጠ ይመለሳል ተብሎ የተሰጠ ዕቃ፣ ለራሳችሁ እህት ኩባንያ የተሸጠ፣ መክፈያው ካለፈ 90 ቀን የሆነው፣ ለግለሰብ ሸማች የተቆረጠ፤ እነዚህ በአብዛኛው ውድቅ ይሆናሉ። በግንባታ ሥራ ደንበኛው ለጥራት ዋስትና የሚይዘው 5 ወይም 10 በመቶም አይቆጠርላችሁም። ደንበኛው በሌላ በኩል የእናንተ አቅራቢ ከሆነ፣ እናንተ ካለባችሁ ዕዳ ጋር አቻችሎ አሳንሶ ሊከፍል ስለሚችል ያንንም ይሸሹታል። አብዛኛው ሽያጫችሁ ለአንድ ደንበኛ ከሆነ ደግሞ በዚያ ደንበኛ ላይ ጣሪያ ይጣላል።

ከሁሉ በፊት፣ ባንካችሁ ለቀድሞ ብድር ተሰብሳቢ ሂሳባችሁን (ደንበኞች ያልከፈሏችሁን ገንዘብ) በሙሉ በመያዣነት ይዞት እንደሆነ አረጋግጡ። ይዞት ከሆነ ባንኩ በጽሑፍ ካልለቀቀ ሥራው አይንቀሳቀስም። አንዱን ኢንቮይስ ለሁለት ቦታ መሸጥ ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ በወንጀል ያስጠይቃል።

«የብድር ታሪኬ ደካማ ስለሆነ አይሆንልኝም»

በዋናነት የሚመዘነው የደንበኛችሁ የመክፈል አቅምና ልማድ ነው። የእናንተ የግብር ውዝፍና የፍርድ ቤት ዕግድ ግን ይጣራል።

«ይህን የሚጠቀመው ሊወድቅ የደረሰ ንግድ ነው»

ሽያጩ በፍጥነት የሚያድግ ጤናማ ንግድም ገንዘብ ያጥረዋል፤ አዲሱን ትዕዛዝ የሚያመርተው የድሮው ሳይከፈለው ነውና።

«ደንበኛዬ ካወቀ ይሸሸኛል»

ኢንቮይሱ ሲሸጥ ደንበኛው ለገንዘብ ሰጪው እንዲከፍል የሚያሳውቅ ደብዳቤ ይላክለታል። የትልልቅ ድርጅቶች ሂሳብ ክፍል እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲደርሰው አይደነግጥም፤ የሚከፍልበትን የባንክ ሂሳብ ቀይሮ ሥራውን ይቀጥላል። ሊያስደነግጠው የሚችለው ሳይነገረው በድንገት ከማያውቀው ድርጅት የሂሳብ ቁጥር መለወጫ ሲመጣለት ነው፤ አጭበርባሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ስለሆነ መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት እናንተው ደውላችሁ ንገሩት።

ማስታወቂያው ከደረሰው በኋላ በድሮው ሂሳብ ቢከፍል ችግሩ የሁለታችሁም ነው። በብዙ አገሮች ሕግ ያ ክፍያ ከዕዳው ነፃ ስለማያወጣው ደግሞ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ገንዘቡ ወደ እናንተ ከገባ የእናንተ አይደለም፤ አንድም ሳትነኩ በዕለቱ ለገንዘብ ሰጪው አሳውቃችሁ አስተላልፉት። ማዘግየት ብዙ ውሎች ላይ ቅጣት አለው፤ ውል ያፈርሳልም። ደንበኛው ጨርሶ ሳያውቅ የሚሠራበት መንገድም አለ። የሚሰጠው ግን ሂሳቡ የተስተካከለና ተሰብሳቢውን ራሱ በደንብ የሚከታተል ንግድ ብቻ ነው።

«ከደንበኛዬ ጋር ያለኝ ውል ክፍያውን የመቀበል መብት ለሌላ ማስተላለፍን ስለሚከለክል አይቻልም»

የክልከላው አንቀጽ የሚጸናው በሁሉም አገር አይደለም። በአሜሪካ ወጥ የንግድ ሕግ ምዕራፍ 9፣ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ኦታዋ ላይ በተፈረመው ዓለም አቀፍ የፋክተሪንግ ስምምነትም፣ የተለያየ ገደብ ቢኖራቸውም፣ እንዲህ ያለው ክልከላ የኢንቮይስን ሽያጭ አያስቀርም። ውላችሁ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛ አይታችሁ ጠበቃ አማክሩ። ሕጉ ቢፈቅድም ትልቅ ደንበኛን ሳያናግሩ ማድረጉን አልመክርም።

«ብድር ስላልሆነ በሂሳብ መዝገቤ ዕዳ ሆኖ አይታይም»

ተመላሽነት ያለው ከሆነ ይታያል። አይኤፍአርኤስ 9 በተባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ መሠረት የኢንቮይሱ ስጋት በአብዛኛው እናንተ ጋር ከቀረ ኢንቮይሱ ከንብረት መዝገብ አይወጣም፤ የተቀበላችሁት ገንዘብም ዕዳ ተብሎ ይመዘገባል። ሂሳብ ሠራተኛችሁ እንደ ተጠናቀቀ ሽያጭ ከመዘገበው ኦዲተሩ ያስተካክለዋል፤ ለሌላ አበዳሪ ያሳያችሁት መግለጫም ስህተት ሆኖ ይገኛል።

«ካልተመቸኝ በፈለግሁ ጊዜ አቆማለሁ»

የዓመት ውል፣ የወር ዝቅተኛ የሽያጭ መጠንና የ30፣ የ60 ወይም የ90 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ የተለመዱ ናቸው። ዝቅተኛውን መጠን ካልሞላችሁ ልዩነቱ ላይ ክፍያ ይታሰባል፤ ውሉም ካላስታወቃችሁ ብዙ ጊዜ ራሱን ያድሳል። አንዳንዱ ውል የሁሉንም ደንበኛ ኢንቮይስ እንድታስገቡ ያስገድዳል፣ በ15 ቀን የሚከፍለውን ጨምሮ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አንድን ኢንቮይስ ብቻ መርጦ መሸጥ ይቻል እንደሆነ፣ ዝቅተኛው መጠን ስንት እንደሆነና መውጫው ላይ ምን እንደምትከፍሉ ጠይቁ። ስትወጡ ደግሞ ያልተከፈሉት ኢንቮይሶች ተዘግተው፣ በተሰብሳቢ ሂሳባችሁ ላይ የተመዘገበው የመያዣ መብት መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀበሉ። እሱ ካልተሰረዘ ቀጣዩ አበዳሪ ፋይላችሁን አይከፍትም።