የሁለት ቋንቋ ትምህርት ምንድን ነው?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ጣና ዳር ወረድን። አራተኛ ክፍል ናት፤ ባሕር ዳር ውስጥ «በእንግሊዝኛ እናስተምራለን» ከሚሉት የግል ትምህርት ቤቶች በአንዱ ትማራለች። ሴቶች ልብስ አጥበው ሣሩ ላይ አስጥተዋል። «እዚያ ነጠላ ላይ የነበረው ውሃ የት ሄደ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ፀሐይ ጠጣችው» አለች። ቀጥዬ «ኢቫፖሬሽንስ ምንድን ነው?» ስላት ብድግ ብላ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ በአንድ ትንፋሽ አነበነበችልኝ። «እስኪ በአማርኛ ንገሪኝ።» «በአማርኛ አልተማርነውም።» ሁለቱ ጥያቄዎቼ ስለ አንድ ነገር፣ ስለ ትነት፣ መሆናቸው ጨርሶ አልታያትም።

እህቴ «ልጄ የምትማረው ባይሊንጓል፣ ማለትም ባለ ሁለት ቋንቋ፣ ትምህርት ቤት ነው» ትላለች። ቃሉ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ስለሚጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ማየት ሳይሻል አይቀርም።

ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው ማለት ሁለቱን እኩል የሚያቀላጥፍ ማለት አይደለም። ከእንጅባራ መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተ ሰው ከእናቱ ጋር በስልክ በአዊኛ ያወራል፣ ከደንበኛው ጋር በአማርኛ ይከራከራል፣ ብር ሲቆጥር በየትኛው እንደሚቆጥር ራሱም ልብ አይለውም። ባለ ሁለት ቋንቋ ማለት እሱ ነው። እኛ ግን ከሁለቱ አንዱ እንግሊዝኛ ካልሆነ አንቆጥርለትም።

ትምህርቱ ላይ ደግሞ መለየት ያለበት ነገር አለ፤ ቋንቋን መማር ሌላ፣ በቋንቋው መማር ሌላ። እንግሊዝኛ በሳምንት የተወሰነ ክፍለ ጊዜ ሲሰጥ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ሳይንስና ሒሳብ በእንግሊዝኛ ሲሰጡ ግን ማስተማሪያ ሆነ፤ ልጁ ቋንቋውን ካልያዘ ሒሳቡም አብሮ ያመልጠዋል። የሁለት ቋንቋ ትምህርት የሚባለው ሁለቱም ማስተማሪያ ሆነው ሲያገለግሉ ነው።

አካሄዱ ብዙ ነው። አንዱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው የሚያሻግር ነው፤ የሀገራችን መንገድ ወደዚህ ያደላል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገ። («ቀስ በቀስ» ያልኩት ለወጉ ነው፤ አንዱን ዓመት በአማርኛ ጨርሶ መስከረም ላይ ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ የጀመረ ሁሉ ያውቀዋል።) ሌላው ግማሽ ለግማሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ማያሚ የሚገኘው የኮራል ዌይ ትምህርት ቤት ከኩባ የተሰደዱ ልጆችንና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን በስፓኒሽም በእንግሊዝኛም ማስተማር ጀምሮ ነበር።

የእኛዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች የሚጠቅሱት ግን ሦስተኛውን ነው፤ ኢመርሽን፣ ልጁን ቋንቋው ውስጥ መንከር። ስሙ የገነነው በካናዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሞንትሪያል አጠገብ ባለችው ሴንት ላምበርት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻቸው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በፈረንሳይኛ እንዲማሩ አስደረጉ። ልጆቹ ፈረንሳይኛውን ያዙ፣ እንግሊዝኛቸውም አልተጎዳ። ይሄ ታሪክ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። የሴንት ላምበርት መምህራን ልጁ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ ይሰሙት ነበር። ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛም በትምህርቱ ውስጥ ገብቷል። ቤቱ፣ መንደሩ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ማንም በቋንቋው እንዲያፍር አላደረገውም። ጥናቱን የመሩት የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ዋላስ ላምበርት ኋላ ላይ ሁለት ዓይነት ባለ ሁለት ቋንቋነት ለይተዋል፤ በነበረው ላይ የሚጨምርና የነበረውን የሚቀንስ። የሚቀንሰው መንከር ሳይሆን ማስመጥ ነው። ልጁን ዋና ላስተምር ብሎ ከታንኳ ላይ ወርውሮት ቀዝፎ የሚሄድ አባት የለም።

ወላጅን የሚያታልለው የልጁ አፍ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ሃው አር ዩ» ሲል ሁላችንም እናጨበጭባለን። በካናዳ የሚሠሩት ተመራማሪ ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 የጨዋታን ቋንቋ ከትምህርት ቋንቋ ለዩ። የጨዋታው በሁለት ዓመት ገደማ ይያዛል፤ መጽሐፍ ለመረዳትና ለመመራመር የሚያበቃው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል፣ ያውም ቋንቋው በዙሪያው በሚነገርበት አገር። ሌላም ብለዋል፤ በአንዱ ቋንቋ የገባ ሐሳብ ለሌላው መሠረት ይሆናል። ትነት በአማርኛ የገባት ልጅ ኢቫፖሬሽን ላይ የሚቀራት ስሙ ነው። እኛም አገር ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት፣ ስምንቱን ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በ8ኛ ክፍል ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል።

ለጎጃምና ለጣና ዳር ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ በሁለት ቋንቋ ነው የሚማረው። ቅኔ ቤት ግስ ሲማር «ቀተለ፣ ገደለ፤ ቀደሰ፣ አመሰገነ» እያለ ግእዙን ከአማርኛው ጋር አቆራኝቶ ይይዛል። ትርጓሜ ቤት ሲገባ መምህሩ የግእዙን ንባብ ያሰማና በአማርኛ ይፈታዋል፣ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጉም ያመጣል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። በአማርኛ ስለተፈታ ግእዙ አልረከሰም። እርግጥ ከዚያ በፊት ዳዊት አለ፤ ልጁ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ምኑም ሳይገባው ይወጣዋል። ነገር ግን ዳዊት የደገመን ልጅ ሊቅ ያለው ሰው የለም፤ ቅኔ ቤቱና ትርጓሜ ቤቱ ገና ከፊቱ ናቸው። የእህቴ ልጅ ሳይንስን ዳዊት እየደገመች ነው፤ ትርጓሜ ቤቱ ግን አልተሠራላትም።

ስለ አማርኛ ይህን ስል የአዊኛ ተናጋሪው ልጅ ትዝ ይለኛል። አዊ ዞን ቢማር አንደኛ ደረጃን በአዊኛ ይጀምራል። ወላጆቹ ሥራ ብለው ባሕር ዳር ከገቡ ግን አማርኛው ለእሱ ማስተማሪያ ነው፣ ገና ያልለመደው። የእህቴን ልጅ እንግሊዝኛ ያሰጠማትን ያህል እሱን አማርኛ ሊያሰጥመው ይችላል፤ ክፍሉ ውስጥ ይህን ልብ የሚል መምህር ብዙ አይደለም። የሚቀንሰው ዓይነት ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ድሮ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው፤ የድሮው ሳይመዘገብ ጠፍቷል።

ልጁን ሊያስመዘግብ የሄደ ወላጅ ስለ ክፍያና ስለ ሰርቪስ ይጠይቃል፤ እኔ ሁለት ልጨምርለት፦ ሳይንስ የሚብራራው በምን ቋንቋ ነው? ልጄ ካልገባው በአማርኛ መጠየቅ ይችላል? እህቴ ሁለተኛውን ጠይቃ ነበር። «ኧረ አያስቡ» አሏት፣ ሊያጽናኗት ፈልገው፣ «እዚህ ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል።»