የኮምፒውተር ፊደል ለቀማ አጀማመርና የእኛ ፊደል

የኮምፒውተር ፊደል ለቀማ የእርሳስ ፊደል እያነሣ መስመር ያሰልፍ የነበረውን የለቃሚ እጅ ሥራ ለፕሮግራም ያስረከበ ጥበብ ነው። መስመሩ የት እንደሚቆረጥ፣ በቃላት መካከል ምን ያህል ክፍተት እንደሚገባ፣ ገጹ የት ላይ እንደሚያልቅ ማሽኑ ያሰላል።

ጀሮም ሳልትዘር በ1964 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤም አይ ቲ በተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ «ራንኦፍ» የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ተጠቃሚው በጽሑፉ መሀል ነጥብ የሚቀድማቸው አጫጭር ትእዛዞች ያስገባል፤ ፕሮግራሙ በእነሱ እየተመራ ገጹን ያደራጃል። ከዚሁ የመጣው «ሮፍ» ቤል በተባሉት የአሜሪካ የምርምር ላቦራቶሪዎች ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር አብሮ አደገ። ጆ ኦሳና በ1973 ገደማ ያዘጋጀው «ትሮፍ» ደግሞ በፊልም ላይ የተሣለ ፊደልን በብርሃን ለሚያትም ማሽን የተሠራ ነበር። ኦሳና በ1977 ሲሞት ብራያን ከርኒሃን ተረክቦት ለማንኛውም ማተሚያ እንዲሠራ አደረገው።

በዚያው በ1977 የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ የጻፈውን መጽሐፍ የሁለተኛ ቅጽ አዲስ ዕትም የእርማት ወረቀቶች ተቀበለ። አሳታሚው ከእርሳስ ወደ ፎቶ ለቀማ ዞሮ ስለነበር የሒሳብ ገጾቹ ውበታቸውን አጥተው አገኛቸው። በአንድ ዓመት ገደማ እጨርሰዋለሁ ብሎ «ቴክ» የተባለውን የለቀማ ፕሮግራም ጀመረ፤ ሥራው አሥር ዓመት ያህል ወሰደ። የፊደል መሣያውን «ሜታፎንት»ንም አብሮ ሠራ፤ ሁለቱንም በነፃ ለቀቃቸው።

ክኑዝ ክፍተትን እንደሚለጠጥና እንደሚጨመቅ ነገር ቆጥሮ «ሙጫ» አለው። ከማይክል ፕላስ ጋር በ1981 ያሳተመው ዘዴ መስመርን አንድ በአንድ አይቆርጥም፤ የአንቀጹን መስመሮች ሁሉ አንድ ላይ አይቶ አጠቃላይ ጉድለቱ ያነሰበትን አቆራረጥ ይመርጣል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። «እንደሚያስፈልጋቸውም» ያለ ቃል በጠባብ ዓምድ ላይ ሲወድቅ ሙሉውን ወደ ታች ይወርድና ከላይ የቀረው መስመር እንደ ወላቃ ጥርስ ይሣሣል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ግን ቃሉን ከየትኛውም ፊደል ላይ ቆርጠው ቀጣዩን መስመር ይጀምሩ ነበር። ዛሬ ለቴክ የተዘጋጀው የግዕዝ ፊደል መቁረጫ ሕግም ይህንኑ ይፈቅዳል።

እኛን የከበደን ችግር ግን ሌላ ነበር። የመጀመሪያው ቴክ ከሚገባለት ጽሑፍ 128 ዓይነት ምልክት ብቻ ይቀበል ነበር፤ በ1990 የወጣው 3ኛው ዕትም ወደ 256 አሰፋው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው። ዲቃሎቹ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም፤ ላቲኑም ቦታውን አይለቅም። በሐምቡርግ ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክና ከሌሎች ጋር ሆነው ለቴክ የግዕዝ ፊደል አዘጋጅተዋል።

በ1985 ፖስትስክሪፕት የተባለውን የገጽ መግለጫ ቋንቋ የሚያነበው የአፕል ሌዘር ማተሚያና የገጽ ማደራጃው ፕሮግራም ፔጅሜከር ሲወጡ ለቀማ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ለአማርኛ የተሠሩት ፕሮግራሞችም ፊደላችንን ለላቲን ፊደላት በተመደቡት መሣቢያዎች (የኮድ ቦታዎች) ውስጥ አሰፈሩት፤ አንዳንዶቹ ለሁለት ፎንት ከፍለው፣ ሌሎቹ ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው። ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ጋዜጣና መጽሐፍ ሳይቋረጥ የታተመው በዚህ ብልሃት ነው።

ብልሃቱ ያስከፈለውን ዋጋ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ካለች አንዲት የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንድ የዕድር ዳኛ ከዓመታት በፊት የተጻፈ የመተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ፈረንጅኛ ሆኖብኛል» አሏት የቤቱን ጸሐፊ ልጅ። ፋይሉ ሲከፈት «ኢትዮጵያ» ከሚለው ቃል «ኢ» ቃለ አጋኖ የተለጠፈበት የላቲን ኤክስ፣ «ዮ» የማባዛት ምልክት ሆነዋል። ልጅቷ ሁሉንም መርጣ ፎንቱን ወደ ድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ስትቀይረው አማርኛው ባንዴ ተመለሰ። ዳኛው ደስ አላቸው።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግን አሁንም ኤክስና ቃለ አጋኖ ነው። ግዕዝ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999፣ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በየቁጥራቸው በሚመዘግበው ደረጃ በዩኒኮድ 3.0 ሲሆን 345 ምልክቶች ገብተውለታል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዘዴ የተጻፈ ሁሉ ካልተለወጠ ወይም እንደገና ካልተተየበ ስልክ ላይ አይነበብም። ዳኛው ደንቡን ለአባላቱ በቴሌግራም ሊልኩት ፈልገው ነበርና ልጅቷ አትማ አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ከአንቀጽ አንድ ጀምራም መተየብ ያዘች።