የተማሪዎች ምክክር ምንድን ነው?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 1265/2014ን ካጸደቀ ወዲህ «ምክክር» የሚለው ቃል ከዜና ርእስ ጠፍቶ አያውቅም። ቃሉ በተነሣ ቁጥር ለብዙ ሰው የሚታየው ግን 11 ኮሚሽነሮች፣ ትልቅ አዳራሽና በየክልሉ የሚሰበሰብ አጀንዳ ነው። እዚህ የምናነሣው ከዚያ እጅግ ያነሰውን፣ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከአሥር የማይበልጡ ተማሪዎች ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ባዶ መማሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚያካሂዱትን ምክክር ነው። የተማሪዎች ምክክር ማለት በፖለቲካ አቋማቸው የማይስማሙ፣ ነገር ግን አንድ ግቢ የሚኖሩ ጥቂት ተማሪዎች፣ በተስማሙበት ሥርዓት ደጋግመው እየተገናኙ፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ባለቤቱ ራሱ «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ለመረዳት የሚያደርጉት ንግግር ነው።

በዚህ ፍቺ ውስጥ «መስማማት» የሚል ቃል አለመኖሩን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ምክክር ሲባል ብዙዎቻችን መጨረሻው የጋራ አቋም መያዝ ይመስለናል፤ ያ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ጉባኤው ከሸፈ እንላለን። ቃሉ ራሱ ግን እንዲህ አይልም። «መከረ» አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ነው፤ «ተማከረ» ሁለቱ የሚሰጣጡት ነው፤ «ተመካከረ» ሲሆን ድርጊቱ እርስ በርስና ደጋግሞ የሚደረግ መሆኑን በቃሉ ቅርጽ ይናገራል። መደጋገሙ ለጌጥ የገባ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ስብሰባ ስብሰባ እንጂ ምክክር ሊባል አይገባውም ብዬ የምከራከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከክርክር ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይገለጣል። ሀገራችን በክርክር ባህል ድሃ አይደለችም። በጥንቱ የችሎት ሥርዓት ባለጉዳዮች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በበቅሎ ወይም በማር እየተወራረዱ፣ ነገርን በምሳሌና በግጥም እያስጌጡ ሲሟገቱ ሕዝቡ መንገድ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ያ ሥርዓት ታላቅ የቋንቋና የአስተሳሰብ ትምህርት ቤት ነበር፤ ነገር ግን ተሟጋቹ የባላጋራውን ቃል የሚሰማው ቀዳዳውን ፈልጎ ለመርታት ነው፣ ፍርዱንም የሚሰጠው ሦስተኛ ወገን ነው። በምክክር ግን ዳኛ የለም፣ ረቺም የለም። ከድርድር የሚለየው ደግሞ ተደራዳሪ የወከለው ወገንና ሊሰጥ ወይም ሊነፍግ የሚችለው ነገር ያለው ሲሆን፣ ተማሪ ግን ማንንም የማይወክል በመሆኑ ነው፤ ማንንም ስለማይወክልም ማንንም ሳይከዳ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ሽምግልና በበኩሉ በዳይና ተበዳይ፣ ካሣና ዕርቅ ያለበት ጉዳይ ነው።

በሐዋሳ ሆኖ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ሳይጠቅስ ማለፍ አይችልም። በሲዳማ ባህል ሽማግሌዎች በሶንጎ፣ ማለትም በአካባቢው የሽማግሌዎች ጉባኤ ተሰብስበው ጉዳይ ሲመረምሩ «አፊኒ» ይባባላሉ። ቃሉ በሲዳሙ አፎ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። አንድ ጉዳይ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ሳይሰሙትና ሳይደመጡበት ከውሳኔ አይደርስም፤ ፍለጋውም «ሀላሌ» የሚሉትን እውነት ለማግኘት ነው። ጥያቄው የሚጀምረው «ተስማማችሁ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ሰማችሁ ወይ?» ብሎ መሆኑን ሳስብ፣ ዩኒቨርሲቲው ከሩቅ ሊያስመጣ የሚደክምለት ነገር ከግቢው አጥር ውጭ፣ በገጠሩ ዛፍ ሥር ለዘመናት ሲሠራበት እንደኖረ ይገባኛል። እርግጥ ነው ሶንጎ የሽማግሌዎች እንጂ የወጣቶች መድረክ አይደለም፤ ስለዚህ እንዳለ ተገልብጦ ሊወሰድ አይችልም። የጥያቄው አቀራረብ ግን ይወሰዳል።

ለምን ዩኒቨርሲቲ? መልሱ ቀላል ነው። በኢትዮጵያ ተማሪዎች በብሔራዊ ፈተና ውጤታቸው ከየክልሉ ተመድበው ስለሚመጡ፣ በሌላ አጋጣሚ ፈጽሞ ሊገናኙ የማይችሉ ወጣቶች አንድ ዶርም ውስጥ አልጋ ይጋራሉ፣ አንድ ካፌ ይሰለፋሉ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የእርሻ ኮሌጅ ከተቋቋመበት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ይህች ከተማ ከየአቅጣጫው ተማሪ ስትቀበል ኖራለች። አብሮ ማደር ግን በራሱ መተዋወቅን አያመጣም። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሡ ግጭቶች የተማሪዎች ሕይወት ሲጠፋና ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ የተለያዩት ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻቸው ነበር። ስለ ፈተናና ስለ ኳስ በየምሽቱ የሚያወሩ ልጆች ስለ ሀገራቸው አንድም ቀን በግልጽ ሳይነጋገሩ ሦስትና አራት ዓመት ሊያሳልፉ ይችላሉ። ዝምታው ብዙ ጊዜ ከጨዋነት የመጣ ነው፤ «ነገር እንዳይበላሽ» ተብሎ የሚደረግ ዝምታ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ስልኩ ላይ ያነበበውን ብቻ ይሆናል።

ሐዋሳ ራሷ ለምክክር የሚሆን ከባድ ርእስ አላት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 የራሱን ክልል ማቋቋም የሚፈልግ ብሔር ጥያቄው በብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደራጅለት ይደነግጋል። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አጸደቀ፤ ዓመቱ ሕዝበ ውሳኔው ሳይካሄድ ሲሞላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በከተማዋና በዞኑ ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ተካሂዶ ከመራጮቹ 98.5 በመቶ ያህሉ ክልልነትን ደገፉ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ በይፋ ክልል ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም የቀድሞው የደቡብ ክልል በየተራ ወደ ሌሎች ክልሎች ተከፋፈለ።

እነዚህ ቁጥሮችና ቀኖች በማንም አያከራክሩም። የሚያከራክረው ትርጉማቸው ነው። ለምሳሌ ከሲዳማዋ በንሳ የመጣች ተማሪ፣ ከወላይታ ቤተሰብ ተወልዶ ሐዋሳ ያደገ ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ የተመደበ ተማሪና የአዲስ አበባ ልጅ አብረው ተቀምጠዋል እንበል። ለአንደኛዋ 2012 ዓ.ም. አያቷ ሲናገሩት የኖሩት ጥያቄ የተመለሰበት ዓመት ነው። ለሁለተኛው የተወለደበት ሰፈር ስሙ ሳይለወጥ ባለቤትነቱ እንደተለወጠ የተሰማው ዓመት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው በትምህርት ቤት የተማረው ታሪክ ከዚህ ሁሉ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ግራ ይገባዋል። አራተኛዋ «ብሔርሽ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ያስጨንቃታል። አራቱን አቋማቸውን እንዲከላከሉ ብናደርጋቸው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስለ ፌዴራሊዝም የተጻፈውን ሁሉ እየጠቀሱ ይሟገታሉ፣ አንዳቸውም ከሌላው አንዳች ነገር አይማሩም። «ይህን እንድታስብ ያደረገህ በሕይወትህ የሆነው ነገር ምንድን ነው?» ብለን ብንጀምር ግን ንግግሩ ሌላ ይሆናል። አያትየዋ ይገባሉ፣ ሰፈሩ ይገባል፣ በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍ የተሰማው ስሜት ይገባል። አቋም አይለወጥ ይሆናል፤ ሆኖም «እነዚህ ሰዎች» ይባል የነበረው ወገን ስምና ፊት ያገኛል።

በዚህ መንገድ መነጋገርን ሥርዓት ባለው መልኩ ካቀረቡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዲፕሎማት ሃሮልድ ሳውንደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በግብፅና በእስራኤል መካከል የካምፕ ዴቪድ ስምምነት ሲደረስ ከአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች አንዱ ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ ከመንግሥት ሥራ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ የነበሩ የታጂኪስታን ወገኖችን ደጋግሞ በማገናኘት ሥራ ተሳትፏል። ከዚያ ልምድ የተገኘው ዘዴ «ዘላቂ ውይይት» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግቢያቸው የነበረውን የዘር መራራቅ ለመመልከት ወሰዱት፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ደርሷል። ሳውንደርስ ሂደቱን በአምስት ምዕራፍ ከፍሎታል፦ ለመነጋገር መወሰን፣ ችግሩንና ግንኙነቱን በስሙ መጥራት፣ ሥሩን መመርመር፣ ወዴት ልንሄድ እንደምንችል ማሰብ፣ በመጨረሻም አብሮ መሥራት። በእኔ እምነት ከአምስቱ ከባዱ የመጀመሪያው ነው። ለመነጋገር የሚወስን ተማሪ ከራሱ ወገን «ከእነርሱ ጋር ምን ትሠራለህ?» የሚል ጥያቄ እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ በዚህ ዕድሜ ከጓደኛ መነጠልን የሚያህል ቅጣት የለም።

ስለዚህ አሠራሩ ለዚህ ፍርሃት መልስ የሚሰጥ መሆን አለበት። ቡድኑ ትንሽ ይሁን፤ ከስምንት እስከ አሥር ሰው ይበቃል፣ ሰዎቹም ሴሚስተሩን በሙሉ አይለዋወጡም። አወያዮቹ ሁለት ቢሆኑ፣ ደግሞም ተሳታፊዎቹ ከተለያየ ወገን ናቸው ብለው የሚያስቧቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ስልክ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጣል፤ የአንድ ተማሪ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተቆርጣ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም ብትለቀቅ ቡድኑ በዚያው ቀን ያበቃለታል። የሰዎች ታሪክ እዚያው ይቀራል፣ የተገኘው ትምህርት ግን ይወጣል። ማንም ለሌላው ከመመለሱ በፊት የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል፣ ተናጋሪውም ያርመዋል። ይህች ትንሽ ሕግ ሰውን እንዴት እንደምታደክም የሞከራት ያውቃል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ሌላው ሲናገር የምናዘጋጀው መልስ እንጂ የምንሰማው ቃል የለም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ቋንቋ ነው። ውይይቱ በአማርኛ ሲካሄድ አማርኛ አፉን የፈታበት ተማሪ ቃል አይቸግረውም፣ ምሳሌውም ቀልዱም ይመጣለታል፤ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻው የሆነ ተማሪ ግን በልቡ ያለውን ግማሹን ብቻ ይዞ ይወጣል፣ ጸጥ ማለቱም ሐሳብ እንደሌለው ይቆጠርበታል። እንግሊዝኛ ይሁን ቢባል ሁሉም እኩል ይቸገራል እንጂ ማንም አይጠቀምም። ጥሩ አወያይ «በቋንቋህ ተናገረውና ጓደኛህ ይተርጉምልን» ለማለት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ውይይቱ ይረዝማል፣ ነገር ግን ቀርፋፋነቱ ራሱ ሁሉንም እንዲሰሙ ያስገድዳቸዋል።

ምክክር ከዜግነት ተሳትፎ ጋር የሚገናኘው በአምስተኛው ምዕራፍ፣ በአብሮ መሥራቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመያዝና የመግለጽ፣ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብ፣ በአንቀጽ 38 ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይህን ሁሉ በሥነ ምግባርና ዜግነት ኮርስ ይማራል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል። የሚያስታውሰው ሲጠቀምበት ነው። አንድ ቡድን አብሮ ሲሰነብት ከተማሪዎች ኅብረት ጋር ስለ ዶርም ውኃ ሊነጋገር፣ ለምርጫ የቀረቡ ፓርቲዎችን አማራጭ ሐሳብ ሁሉም ወገን ትክክል ነው በሚለው መንገድ ጨምቆ ለሌሎች ተማሪዎች ሊያቀርብ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ሊጠይቅ ይችላል። የሐዋሳ ሐይቅ ጉዳይም አለ፤ ጥቁር ውኃ ወንዝ የሚገባበትና በገጸ ምድር መውጫ የሌለው ሐይቅ በመሆኑ ከከተማው የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ሆኖም ፕላስቲክ አብሮ መልቀም ብቻውን ምክክር አይደለም። ብዙ ክበባት ከባዱን ንግግር ሸሽተው በጽዳትና በችግኝ ተከላ ይወሰናሉ፤ ሥራው የሚያስመሰግን ቢሆንም ተማሪዎቹ ቆሻሻውን ለቅመው ሲጨርሱ የሚለያዩት እንደመጡ ነው።

ምክክር የማይሠራበትም ቦታ አለ። ተማሪ እየተደበደበ ወይም እየተዛተበት ባለበት ሰዓት የሚያስፈልገው ጥበቃና ሕግ ነው፤ የተበደለን ሰው «ከበዳይህ ጋር ተነጋገር» ማለት ሁለተኛ በደል ነው። አበል ተከፍሎበት፣ ባነር ተሰቅሎበት፣ ንግግሮች ከተደረጉበት በኋላ የሚበተን የአንድ ቀን መድረክም ለዚህ ዓላማ ብዙ አይረባም። እንዲህ ባለው ቦታ ሰው የሚናገረው ለካሜራው ነው፣ ለካሜራ የሚናገር ደግሞ ጥርጣሬውን አይናገርም።

ቡድን ለማቋቋም የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ትምህርቱ ሳይከብድ፣ ሁለት የተለያየ አመለካከት ያላቸው ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አራት አራት ሰው ይጠራሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ምሽት ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ምሽት መተዳደሪያ ሥርዓቱን በማጽደቅና በመተዋወቅ ያልቃል፣ ፖለቲካ አይነሣበትም። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ምሽት አካባቢ አንድ ሰው እስከዚያ ድረስ ያልተናገረውን ነገር ይናገራል፤ አወያዮቹ ለዚያ ምሽት ሰዓት መቆጠብ አለባቸው። ተመራቂዎቹ በዓመቱ መጨረሻ ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ ከሁለተኛ ዓመት ሁለት ተማሪዎችን አጠገባቸው አስቀምጠው ያለማምዳሉ፤ አለበለዚያ የሦስት ዓመት ልምድ ከጋዋኑ ጋር ከግቢ ይወጣል።