ንባብን ለማስተማር ተናቦ መሥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የፊደል ገበታውን የወረደ ልጅ ማንበብ ችሏል»

ዜማውን ችሎ ይሆናል። ከሀ እስከ ፐ ሳይደናቀፍ የሚወርድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ተራውን ነው፤ ዓይኑ ፊደሉ ላይ ላይሆን ይችላል። ማጣራቱ አያስቸግርም። 20 ያህል ፊደላት በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉ፣ አደባልቁ፣ አንድ በአንድ አሳዩ። በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ዝም ብላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። «ሹ»ን አይቶ «ሸ… ሹ» እያለ ከግዕዙ፣ ማለትም ከረድፉ መጀመሪያ ፊደል፣ የሚነሣ ልጅ የሚያውቀው ቤቱን (ረድፉን) እንጂ ፊደሉን አይደለም። 33ቱ ቤቶች በ7 ሲባዙ 231 ፊደል ይሆናሉና በዚህ መንገድ ቃል ላይ እስኪደርስ ትዕግሥቱ ያልቃል።

ፊደሉን ለይቶም ገና ሁለት እንቅፋት ይጠብቀዋል። አንደኛው ሳድስ (የየቤቱ ስድስተኛ ፊደል) ነው። «ልብስ» ውስጥ ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ አናባቢ የሚሰማው ግን «ል» ላይ ብቻ ነው። ሦስቱንም እኩል እየረገጠ የሚጠራ ልጅ ቃሉን በየቀኑ እየለበሰው እንኳ አያውቀውም። መምህሩ መጀመሪያ ቃሉን በአፍ ያስብለው፣ ከዚያ በጭብጨባ ያስከፋፍለው፣ ጽሑፉን ያሳየው በመጨረሻ ነው። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው፤ ፊደላችን አያሳየውም። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። ይህን የሚፈታው ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ስለሆነ «መጀመሪያ ፊደል ይጨርሱ፣ መረዳት በኋላ ይመጣል» የሚለው ሌላው አባባልም እዚሁ ላይ ይወድቃል።

«በጥናት የተደገፈ ማለት የፈረንጅ ዘዴ ማለት ነው»

በከፊል እውነት አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ኮንግረሱ በጠየቀው መሠረት የሕፃናት ጤና ምርምር ተቋሙ ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ጋር ተመካክሮ ብሔራዊ የንባብ ጉባኤ አቋቋመ። ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ፤ አምስት ነገሮችም ተለይተው ታወቁ፦ የቃልን ድምፆች በጆሮ መለየት፣ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት፣ ቅልጥፍና፣ የቃላት ዕውቀትና አንብቦ መረዳት። ከዚያ በኋላ የጤናው ተቋም፣ የትምህርት መሥሪያ ቤቱና የማንበብና መጻፍ ተቋሙ ተጣምረው ግኝቱን ለመምህራንና ለወላጆች በቀላል ቋንቋ ጽፈው አሠራጩ። (ንባብ የጤና መሥሪያ ቤት ጉዳይ መሆኑ እኛ ዘንድ እስካሁን ይገርማል።)

ጥናቱ የእንግሊዝኛ ነው፤ እንዳለ አይገለበጥም። የኔታ ግን ገበታው በዜማ እንደሚወረድ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ አለ፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቤቱም መልኩም በየእርምጃው ይለወጣልና የሀሁ ተራ አይረዳም። የካርቶኑ ፈተና ከዚህ የሚለየው ብዙም አይደለም። ደግሞም ቁጥር ንባብ፣ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ እየተባለ የሚኬደው ከፊደል ቆጠራ ወደ ቅልጥፍና ነው።

«በደቂቃ 60 ቃል ያላነበበ ወደ ኋላ ቀርቷል»

«አልመጣችም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት ይሆናል። ስለዚህ የእንግሊዝኛን መለኪያ አምጥቶ አዲስ አበባ ክፍል ውስጥ መለጠፍ ልጁንም መምህሩንም መበደል ነው። በከተማው በአፋን ኦሮሞ የሚማሩትም በላቲን ፊደል ስለሆነ የራሳቸው መለኪያ ያሻቸዋል።

ስሌቱ ግን ያው ነው፦ ከተነበቡት ቃላት ስሕተቱን ቀንሱ፣ በ60 አባዙ፣ በፈጀው ሰከንድ አካፍሉ። 40 ቃል ያለውን ምንባብ በ48 ሰከንድ ጨርሶ 4 የሳተ ልጅ በደቂቃ 45 ትክክለኛ ቃል አነበበ ማለት ነው። ከአማካዩ ይልቅ ዜሮ ያመጡትን መቁጠር ይበልጥ ይጠቅማል። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አማካይ ውጤት እነዚህን ልጆች ይደብቃቸዋል።

«በመሥሪያ ቤቶች መካከል የመግባቢያ ሰነድ ከተፈረመ ቅንጅቱ ተፈጠረ»

ፊርማው አራት ኪሎ ይፈረማል፤ ችግሩ የሚታየው በአምስተኛው ሳምንት ክፍል ውስጥ ነው። ማዕቀፉን የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፣ መጽሐፉ የከተማው ትምህርት ቢሮ፣ መምህሩን የሚያሠለጥኑት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ መዛኙ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት። ክፍሉን የሚጎበኘው ደግሞ የክፍለ ከተማ ወይም የወረዳ ሱፐርቫይዘር ነው። መጽሐፉ ቶሎ ቶሎ የሚገኙትን ፊደላት አስቀድሞ ሲያስተዋውቅ፣ በሀሁ ተራ የሠለጠነው መምህር በለመደው ይሄዳል። ያኔ ምንባቡ ውስጥ ልጁ ያልተማረው ፊደል ይሞላል፤ ልጁም ሥዕሉን አይቶ ይገምታል። ሱፐርቫይዘሩ «ተሳትፎ ጥሩ ነው» ብሎ ቅጹን ሞልቶ ይወጣል።

መፍትሔው አንድ ገጽ ነው፦ በየትኛው ሳምንት የትኞቹ ፊደላት እንደሚሰጡ የሚያሳይ ሰንጠረዥ፤ መጽሐፉም ሥልጠናውም ምዘናውም የጉብኝት ቅጹም የሚከተሉት። መናበባቸውን ለማየት የአምስተኛውን ሳምንት ምንባብ አውጡና እስከዚያ ያልተሰጠውን ፊደል ሁሉ በእርሳስ ክበቡ። ክቦቹ ከበዙ ልጁን ከመገሠጻችሁ በፊት ሰንጠረዡን ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩ፤ የጉድኝት ማዕከሉ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች) ስብሰባ ላይ ይዛችሁ የምትቀርቡትም ያንኑ የተከበበ ገጽ ነው።