መኪና መምረጥ ሌላ፣ መኪና ማቆየት ሌላ

መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። ቀለሙን፣ ቅርጹን፣ ወንበሩን፣ ክሩስኮቱን። በሩን ከፍቶ ይዘጋና ድምፁን ያዳምጣል። ያንኑ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ መኪናውን ለምን እንደማይሸጥ ጠይቁት። ስለ ቀለሙ አንዲት ቃል አይናገርም። «አውቀዋለሁ» ነው የሚለው።

መምረጥ በአንድ ቀን ያልቃል። ማቆየት ግን በየሰርቪሱ፣ በየብልሽቱ፣ በየጎማ ቅያሪው እንደገና የሚወሰን ነገር ነው። መኪና ሠሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲለፉ የኖሩት ለመጀመሪያው ውሳኔ ነው። እኔ ግን የመኪና ነገር የሚጀምረው ከሁለተኛው ይመስለኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምርጫው ታሪክ ባጭሩ

ሄንሪ ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ያወጣው አንድ መኪና ለሁሉም ይበቃል ብሎ ነው። በ1913 ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ሲዘረጋ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የሻንሲ ገጠማ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። ከ1914 እስከ 1925 ቀለሙ ጥቁር ብቻ ነበር። ገበሬው በጥቂት መፍቻ ራሱ ይፈታዋል፣ ራሱ ይገጥመዋል። ከ15 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ በ1927 ምርቱ ቆመ።

ሞዴል ቲን ገበያ ያሳጣው ብልሽት አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስን ይመራ የነበረው አልፍሬድ ስሎን በ1920ዎቹ ሌላ መንገድ ያዘ። ለየኪሱ አቅም የተለያየ ስም ያለው መኪና አቀረበ። በየዓመቱም መልኩን ቀየር አደረገ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ደህና የሚሠራ መኪና ያለው ሰው፣ መኪናው እንዳረጀበት እንዲሰማው። «አዲሱ ሞዴል» የሚለው ቃል ጉልበት ያገኘው ያኔ ነው። ዛሬም መኪና ስንመርጥ ልባችንን ከሚጎትተው ነገር ብዙው ከዚያ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

መኪና ከሚነዳው ሰው ኑሮ ተነስቶ የተነደፈበት ጊዜም አለ። ለሲትሮየን 2ሲቪ መሐንዲሶች የተሰጣቸው ትእዛዝ ሁለት ገበሬዎችንና 50 ኪሎ ድንች የሚጭን መኪና እንዲሠሩ ነበር። በታረሰ መሬት ላይ ሲሄድም የተጫነ እንቁላል መሰበር የለበትም። መኪናው በ1948 ፓሪስ ላይ ታየ። እስከ 1990 ድረስም ተመረተ። ፈጣን አልነበረም፣ አያምርም የሚሉትም ብዙ ነበሩ። ሆኖም ጭነቱ፣ መንገዱና ሰውዬው ከሥዕሉ በፊት ታስበዋል። መኪና ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ቮልስም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። በየካቲት 1972 የሞዴል ቲን የምርት ብዛት ሪከርድ ሰበረ። የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣው በ2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርቷል። በ1966 የተጀመረው ቶዮታ ኮሮላ ደግሞ በ2021 ሽያጩ 50 ሚሊዮን ሞላ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መኪናው በየትውልዱ ተለውጧል። ቮልስ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ቮልስ ነው።

መኪና መኪናን ይጠራል

አንድ ዓይነት መኪና በየመንገዱ የበዛበትን ምክንያት ለማወቅ ጋራዥ ገብቶ ማየት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚነዳው መኪና መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል። መለዋወጫው ከተገኘ መካኒኩ እጁ ይፈታል፤ መቶ ጊዜ የከፈተውን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖም ይገጥመዋል። የሚጠገን መኪና ሲሸጥም አይከስርም። ሲሸጥ የማይከስር ነገር ደግሞ ሌላ ገዢ ያመጣል። ጎረቤቱም ያንኑ ይገዛል።

ኮሮላንና ሃይሉክስን በየአገሩ ያበዛቸው ጥንካሬያቸው ብቻ አይደለም፣ ይህም ዑደት ነው። ከ1976 እስከ 1986 በ2.7 ሚሊዮን ገደማ የተሠራው መርሰዲስ ደብሊው 123ም በብዙ አገር ታክሲ ሆኖ የዘለቀው እንዲሁ ነው። አንድ ብርቅ መኪና ከእነዚህ የበለጠ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን አንዲት ትንሽ ፖምፓ ፍለጋ ሦስት ወር ሲቆም ጥሩነቱ ለማንም አይጠቅምም።

ነዳጅ ቆጣቢነት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ፒካፕ ወይስ አውቶሞቢል፣ ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ የሚሉት ጥያቄዎችም አሉ። እነሱን ገዢው ራሱ ያውቃቸዋል። የሚረሳው መለዋወጫውን ነው።

«አውቀዋለሁ» ሲባል

ባለቤቱ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ምን ያህል ዞሮ እንደሚያስነሳ ጆሮው ያውቃል። አንድ ዙር ከጨመረ ባትሪው እየደከመ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሻገር ማርሹን ለአፍታ ዜሮ ላይ ማቆየት እንደሚያስፈልግ እጁ ያውቃል። ጎድጓዳ ሲመታ ከፊት በቀኝ በኩል የሚሰማው ኳኳታ የኩሽኔታ እንጂ የሾክ እንዳልሆነም ያውቃል። ይህ እውቀት ከአዲስ መኪና ጋር አይሸጥም።

የዘይት ማየትን ነገር እንውሰድ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ኮፈኑ ይከፈታል። መለኪያ ዘንጉ ይመዘዛል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይመዘዛል። ጫፉ ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ። ዘይቱ በሁለቱ መሃል ከሆነ ደህና ነው። መጥቆሩ ብቻውን አያስፈራም፤ ዘይት ሲሠራ ይጠቁራል። ነጣ ያለ አረፋ ነገር ከታየበት ግን ውሃ ገብቶበታል። ብዙ ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ለቋል ማለት ነው፣ መኪናውም ከዚያ ቦታ ባይነሳ ይሻላል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። በየሳምንቱ የሚያደርገው ሰው ሞተር ሳይበላ ችግሩን ይደርስበታል።

ከዚህ የማይተናነሰው ደግሞ ደብተር ነው። ከክሩስኮቱ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ የምትቀመጥ፣ ጠርዟ ዘይት የነካት ትንሽ ደብተር። ቀን፣ ኪሎሜትር፣ የተደረገው ሥራ፤ በቃ ይኸው ነው። 112,400፣ ዘይትና ፊልትሮ። 118,050፣ የፊት ፍሬን ሸራ። 121,300፣ የራዲያተር ውሃ። ተራ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያደርገውን ቀበቶ፣ የታይሚንግ ቺንጋን አስቡ። በብዙ መኪኖች በ100,000 ኪሎሜትር አካባቢ መቀየር አለበት። ሳይቀየር ቀርቶ በጉዞ ላይ ቢበጠስ፣ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ከቫልቩ ጋር ይጋጫል፣ ሞተሩም አለቀ ማለት ነው። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ከውጭ አይታይም። ደብተሩ ያለው ሰው ገልጦ ያያል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ይገምታል፣ ወይም ለጥንቃቄ ሲል አዲስ ያስገባል።

እንዲህ ያለ ክትትል የት ድረስ እንደሚያደርስ በተግባር ታይቷል። አሜሪካዊው መምህር ኧርቭ ጎርደን በ1966 ቀይ ቮልቮ ፒ1800 ገዛ። በ2013 በዚያችው መኪና 3 ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም 4.8 ሚሊዮን ኪሎሜትር ሞላ። ከሌላው የተለየ ምሥጢር አልነበረውም። መመሪያው የሚለውን በጊዜው ያደርግ ነበር፤ በ2018 እስኪያርፍም መኪናዋን አልተለያትም። ግሪካዊው የታክሲ ሾፌር ግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ ደግሞ በ1976 ሞዴል መርሰዲስ 240ዲ 4.6 ሚሊዮን ኪሎሜትር ነድቷል። በእርግጥ ሞተሩን ደጋግሞ ቀይሯል። መኪናው በ2004 ወደ ኩባንያው ሙዚየም ገባ።

ቀድሞ ብዙ መኪኖች ላይ የነበረው የኪሎሜትር ቆጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ነበረው። 99,999 ከደረሰ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የሠሩት ሰዎች መኪና ከዚያ አልፎ ይሄዳል ብለው ብዙም አልጠበቁም ነበር።

ሒሳቡ

አዲስ መኪና ዋጋው በጣም የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ይለዝባል። ስለዚህ ስምንትና አሥር ዓመት የሞላው መኪና ባለቤት ትልቁን ኪሳራ አልፎታል። የሚከፍለው ለጥገና ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካምቢዮው ሲበላሽ የጥገናውን ዋጋ መኪናው ቢሸጥ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር ያነጻጽርና «አይገባውም» ይላል። መነጻጸር ያለበት ግን ሌላ መኪና ለመግዛት ከሚወጣው ጋር ነው። ያውም የሚመጣው መኪና ምን ጉድ እንደያዘ የማይታወቅ ነው። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። ሻንሲን የበላ ዝገት ግን ሌላ ነገር ነው። ወንበሩና ሞተሩ የታሰሩበት ብረት በጣት ሲጫኑት ከተሰበረ መሰናበት ነው የሚሻለው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንደ ፖርሽ 911 ያሉ መኪኖች ቦዲያቸው ዚንክ ከተቀባ ላሜራ መሠራቱ ዕድሜያቸውን ያስረዘመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰዉም መኪናውን ከቀድሞው በላይ እያቆየ ነው። በአሜሪካ በመንገድ ላይ ያሉ መኪኖች አማካይ ዕድሜ በ2024 12.6 ዓመት ደርሷል። በአውሮፓ ኅብረትም ከ12 ዓመት በላይ ነው።

ማቆየት ሁልጊዜ ምርጫ አይደለም። ኩባ ውስጥ የ1950ዎቹ ሸቭሮሌዎች ዛሬም የሚታዩት ከ1959ኙ አብዮትና ከተከተለው ማዕቀብ በኋላ አዲስ የአሜሪካ መኪና ለአሥርት ዓመታት ሳይገባ ስለቆየ ነው። የብዙዎቹ ኮፈን ሲከፈት ከሌላ አገር የመጣ የናፍጣ ሞተር ይገኛል። ጃፓን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናት። እዚያ አዲስ መኪና በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ወጪው የሚከብድ ምርመራ ያልፋል። ብዙ ባለቤቶች ከመክፈል መሸጥን ይመርጣሉ። መኪናው ገና ብዙ የሚሄድ ስለሆነ በመርከብ ተጭኖ ሌላ አገር ሁለተኛ ኑሮ ይጀምራል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳወጣው ከ2015 እስከ 2018 ብቻ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች በዓለም ዙሪያ ወደ ሌላ አገር ተልከዋል።

አሮጌ መኪና የማይሰጠው

መኪናውን የሚወድ ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት። ባለሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶ በቮልቮ የመጣው በ1959 ነው። መኪና ሲንሸራተት የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክ ሲስተም ወደ ገበያ የገባው በ1995 ነው፣ በየመኪናው እስኪገባም ብዙ ቆይቷል። ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና በዘይትና በፊልትሮ ይህን አያገኝም።

ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት) ጉዳይ ደግሞ አስተማሪ ነው። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት የጎዳው፣ ኤርባጉን የሚነፋው ማስነሻ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ይወረውራል። ሰው ሞቷል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ማስነሻዎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። መኪናው አገር ከቀየረ ጥሪው ለአዲሱ ባለቤት ላይደርሰው ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማጣራት ጥቂት ደቂቃ ነው። እባካችሁ አጣሩ።

አዲሶቹ መኪኖችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አሜሪካ በ1996 ሁሉም አዲስ መኪና አንድ ወጥ የምርመራ ሶኬት እንዲኖረው ካስገደደች ወዲህ የመካኒኩ ሥራ ግማሹ ኮምፒውተር ሆኗል። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የሞተር ዘይትም ካንዴላም የለም። ጥያቄው ባትሪው ነው። ብዙ አምራቾች ለ8 ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የሚያደምጠው ድምፅ የለም፣ የሚያየው የቀረውን አቅም የሚነግር ቁጥር ነው።

የሽያጭ ቀን

አንዳንዱ መኪና ከአባት ይወረሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ አራስ ልጅ ከሐኪም ቤት የመጣበት ነው። ያንን ለማስላት የሚሞክር ሰው አላየሁም። ግን ያም ቢሆን ቀኑ ይደርሳል። ባለቤቱ ወንበር ሥር የወደቁትን ሳንቲሞች ይለቅማል። መስታወቱ ላይ ያንጠለጠለውን ይፈታል። ቁልፉን፣ መለዋወጫ ቁልፉን፣ ከዚያም ጠርዟ ዘይት የነካትን ደብተር ለገዢው ይሰጣል። ገዢው ገልጦ ያያል፣ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ተጽፏል። ሰላም ተባብለው፣ ገዢው ሞተሩን አስነስቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ሻጩ ሮጦ መስኮቱን ያንኳኳል።

«ሦስተኛ ስታስገባ ለአፍታ ዜሮ ላይ ያዛት።»